ተኝተው ለሚያዩ ሰዎች ስለሚሠራው ቤት የተሰጠ ቃል

እኔ ስሜ በመታወቂያዬ ላይ የሰፈረው፣ አርባ አንድ ዓመት ሕንፃ ስነድፍ የኖርሁ ሰው፣ ዛሬ ማክሰኞ መጋቢት ስምንት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የምናገረው ራሴ በነደፍሁት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነው። ጸሐፊው የምለውን እንዳለ ይጻፈው፤ ስድብም ቢሆን አያለዝበው።

አንደኛ። መኖሪያ ቤቴን ከነግቢው፣ ከነዛፎቹና ከነውሃ ጉድጓዱ፣ ለማይድኑ ሕሙማን ማረፊያ እንዲሆን ሰጥቻለሁ። ሁለቱም ልጆቼ የራሳቸው ቤት ስላላቸው ሜዳ ላይ አይወድቁም። የምታስተዳድረው ታናሿ ልጄ ናት፤ ሰው ሲያቃስት ስልኳን አትነካካም። ስሜ በበሩ ላይ አይለጠፍ። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣንም አይጠራ፤ የእነርሱን ጭብጨባ በሕይወቴ እስኪያንገሸግሸኝ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ። ንድፉን የሚያወጣው የበኩር ልጄ ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ያመጣልኝ ወረቀት ይቀደድ። ፊቱ መስታወት፣ ኮሪደሩ አርባ ሜትር፣ በየጥጉ የፕላስቲክ አበባ። ግቢው መሐል ያለውን ሾላ ቆርጦ በቦታው ፏፏቴ ሥሏል። “አባባ፣ ሥሩ መሠረቱን ይገፋብናል እኮ” አለኝ። መሠረቱን ራቅ አድርገህ ጣለው ስለው፣ “ዲዛይኑ ይበላሻል” አለኝ። ሊሞት የመጣ ሰው ዲዛይን ምን ያደርግለታል፤ ቅጠል ይይ። ኮሪደሩን ከየት እንዳመጣው ደግሞ አልጠፋኝም፤ ከዚሁ ከእኔ ሕንፃ ነው የቀዳው።

ሦስተኛ። ልጄ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት በእኔ አልጋ ላይ ሦስት ቀን በጀርባው ይተኛ። ተኝቶ ይጉረስ፣ ተኝቶ ይሽና። የበረኪናውን ሽታ ይማግ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚያስለውንም ሰውዬ እስኪበቃው ይስማ። ከዚያ በኋላ ይንደፍ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከሃምሳ ሳንቲሜትር አይብለጥ። ወደ ግቢ የሚያወጣው በር አልጋን ከነሰውዬው ያሳልፍ፣ ደረጃም አይኑረው። ወጥ ቤቱ ለክፍሎቹ ይቅረብ፤ መብላት ያቃተው ሰው ሽንኩርት ሲጠበስ ማሽተት አያቅተውም። ድመት ከገባች አትባረር። ጣሪያው ነጭ አይቀባ፤ ነጩን ጣሪያ ሦስት ወር ሳየው ኖሬ ጠልቼዋለሁ።

አራተኛ። ለዚህ ሆስፒታል ንድፍ የተሸለምሁት የነሐስ ዋንጫ ለማንም አይሰጥ፤ የወጥ ቤቱ በር እንዳይዘጋ ይደገፍበት። ምክንያቱን ልጆቼ አያውቁትምና ይስሙ። እዚህ የመስኮቱን ደፍ አንድ ሜትር ከሃያ ያደረግሁት በቆመ ሰው ልክ ነው፤ እኔ ስነድፍ ቆሜ ነበርና። ለዳኞቹ ባቀረብሁት ሥዕል ከመስኮቱ ሥር የአትክልት ቦታ ነበረ። በኋላ አስተዳደሩ መኪና ማቆሚያ ይሁንልን ሲለኝ ፈረምሁ። ከስምንት ዓመት በፊት እናታችሁ እዚሁ ፎቅ ላይ ተኝታ “ውጪ ምን አለ?” ብላ ጠየቀችኝ። አትክልቱ አለ አልኋት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልተተከለ ጽጌረዳ አበቀልሁላት፣ የሌለ ወፍ አስጮህሁላት። ከሥር የነበረው ጄኔሬተርና የቆሻሻ ገንዳ ነው። ቅጥፈቴን እንደያዘች ሞተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን እጸየፋለሁ።

በዚህ ቦታ ከምስክሮቹ አንዷ፣ የዚህ ፎቅ የጽዳት ሠራተኛ፣ አቋረጠችኝ። ጸሐፊው “ምስክር ይሰማል እንጂ አይናገርም” አላት። ትናገር፣ ይጻፍም አልሁ። የተናገረችው ይህን ነው፦

“ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ያውቁ ነበር። በመጡ በሁለተኛው ቀን እኔኑ ጠይቀውኝ፣ መኪና ማቆሚያ ነው ብያቸዋለሁ። ታዲያ ለምን ዝም ይሏቸዋል ብላቸው፣ ‘ተይው ያውራ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አውርቶኝ አያውቅም’ አሉኝ። መቀመጫ ስላልነበረ ነው ያኔ ባልዲዬን ገልብጬ የሰጠሁዎት።”

ልጆቼ ይብቃህ ቢሉኝም አልበቃኝም፤ ቀጥሎ ያለውን አስጽፌአለሁ።

አምስተኛ። ስለ መስኮቱ ያልሁት ይጸናል። ከመስኮቱ በፊት ግን በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ፣ ማንም አንስቶ የማይወስደው መቀመጫ ይኑር። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊቀመጥበት የሚችል ይሁን። በሥራ ዘመኔ ለአልጋው ለካሁ፣ ለበሩ ለካሁ፣ ለኦክስጅኑ ለካሁ፤ ለሚቀመጠው ሰው አንድ ቀን አልለካሁም። ታናሿ ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ቆማ ያስታመመችኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የበኩር ልጄ ደብተሩን አውጥቶ “ከፍታው ስንት ሳንቲሜትር ይሁን፣ አባባ?” ብሎ ጠየቀኝ። ያንን አጠገቤ ተቀምጠህ ድረስበት አልሁት፤ ይህም ይጻፍ።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ብዕር መያዝ ስላቃተኝ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

የተናዛዡ አሻራ

ምስክሮች፦
አናጢው ጎረቤቴ — ፊርማ
የሚያክመኝ ሐኪም — ፊርማ
የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ — ፊርማ

ቃሉን የጻፈው ጸሐፊ — ፊርማ