የአባባ እንቆቅልሽ በኮምፒውተር

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምወድዎ ወንድሜ ለጋሼ ምናለ፤ የአዋሳ አየር ተስማምቶዎ እንደምን ከረሙ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን።

የላኩልኝ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲዲዎች ደረሱኝ፤ እጅዎ ይባረክ። በእርስዎ ምክንያት ተማሪዎቼ የአባባን እንቆቅልሽ በኮምፒውተር ሊጫወቱ ነው። የአባባን ሥዕል በማውስ ሲነኩት አባባ «እንቆቅልሽ» ይላሉ፤ መልሱ ከጠፋቸው «አገር ስጡኝ» ይሏቸዋል፤ ልጆቹም ከተማ ይመርጣሉ።

ሥዕል የሚያንቀሳቅሰው ፍላሽ የተባለው ፕሮግራም እንዳሉት ውብ ነው፤ ግን ለመልመዱ ብቻ እስከ ፋሲካ ይፈጅብኛል። ቀለል ያለው ፓወር ፖይንት ግን በሁለት ሳምንት ስለሚያስጨርሰኝ እሱን መረጥሁ፤ አይቀየሙኝ። አባባ በቀን አንድ እንቆቅልሽ ይቀዱና ጋደም ይላሉ። በመሀል የገባውን ሳል ቆርጬ ስለማወጣው ድምፃቸው እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነው።

ትናንት መልሱ እኔንም ጠፋኝ። ቡሬን ብሰጣቸው እምቢ፣ ማንኩሳን ብሰጣቸው እምቢ አሉ። አዋሳን ስሰጣቸው ግን ፈገግ ብለው፣ «አዋሳ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ልጄን አግኝቼ» አሉ። እሱንም ቀድቼዋለሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያሉትን ለገና ቢያደርጉልን ደስታችን ነው። ጨዋታው ያኔ ተጠናቆ ይጠብቅዎታል፤ መጀመሪያ የሚነኩት እርስዎ እንዲሆኑ አባባ ልጆቹን ከልክለዋል።

መንገድዎን ያቅናልዎ።

አክባሪ እህትዎ፣
ሕሊና ሐብቴ