የነሐሱ ቀለበት ጭረት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ ዕድሜያቸውን ፒያሳ በወርቅ ቀለበት ላይ ስም ሲቀርጹ ኖሩ። ከክረምቱ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሱቃቸው እንዳይዘጋ ብዬ ሳሎናችን ውስጥ በኮምፒውተር የሚሠራ መቅረጫ ማሽን ተከልኩ። እሱ ሲጀምር የእሳቸው ሥራ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ዛሬ ቀለበቱን የሚያዞረውን ሞተር ሳስተካክል ዋልኩ። ሞተሩ የሚነዳውን ባለ ጥርስ ጎማ ጥርሶች ቆጥሬ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባሁ። የነሐስ ቀለበት አስሬ ጭረት አደረግኩበት። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጭረቱ መነሻው ላይ መቆም ነበረበት፤ ሁልጊዜ ግን ያልፋል። ስም ቢቀረጽበት የመጨረሻው ፊደል የመጀመሪያው ላይ ይወጣል።

አባባ ከሶፋው ተነስተው መጡና ጎንበስ ብለው አዩ።

«የሚያልፈው አንድ ጥርስ ነው። የጎማውን ጥርስ ስትቆጥሪ የጀመርሽበትን ደግመሽዋል።»

«ስልሳ አንድ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ስልሳ ነው። የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

እንደገና ቆጠርኩ። ስልሳ ነው። ቁጥሩን አርሜ አዞርኩት። ጭረቱ መነሻው ላይ ቁጭ አለ።

«እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገምኩ። «እስቲ አሁንም።»

አምስት ጊዜ አዞርኩት። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ማጉያ መነጽር አድርገው የሚፈልጉት ስህተት መሆኑ የገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው። ከአምስተኛው በኋላ መነጽሩን አውልቀው ማሽኑ አጠገብ አስቀመጡት።

«በይ እንግዲህ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ።

መነጽሩ እንደተቀመጠ አለ። ልመልስላቸው ብነሳ ምን እላለሁ? አራተኛው ዙር ላይ፣ ምነው ትንሽ በሳተ ብዬ እኔም ተመኝቼ ነበር።