ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ

ጥቅምት 4

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ዛሬ ልጻፈው። ዓይኑ ደክሞ የነበረው ባሌ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ የዓይን ምርመራውን ያለፈው በእኔ ነው። ምርመራው በሚሰጥበት፣ እኔ በማጸዳው ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ሰሌዳው አለ… ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች፣ ጥርሳቸው ወዴት እንደዞረ የሚጠየቅባቸው። ወለል እየወለወልኩ ቀዳሁት። አንድ ሳምንት ሙሉ ራት ላይ አስጠናሁት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ነው፦ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። አለፈ። በአርባኛው ቀን፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሚኒባሱን እየነዳ መንገድ ላይ ከቆመ ገልባጭ መኪና ጋር ከኋላ ተላትሞ ሞተ።

ጻፍኩት። አልቀለለኝም።

የገደለው ግን ባለገልባጩ ነው። መኪናው ተበላሽቶ ሲቆም ከኋላው ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ አላስቀመጠም። ፍርድ ቤትም ያለው ይሄንኑ ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ወጣ። አሁን እንደገና ይነዳል… በየቀኑ፣ በክሊኒኩ መስኮት ስር፣ አሸዋ ጭኖ።

ዛሬም ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። ጥፋቱን በምመዘግብበት ቀዩ ደብተር ላይ አሰፈርኩት።

ጥቅምት 9

ስልክ። ግራ ጆሮው ላይ። አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ዜብራው መሀል ደርሳ ነበር… በክላክስ አባረራት።

ሰዓቱን ጻፍኩ።

የዓይን ሐኪሙ በበሩ ሲያልፍ አየኝ። «መስኮቱ ላይ ሁልጊዜ ምን ትጽፊያለሽ? ግጥም ነው?»

«የሚያልፈውን ነው፣ ዶክተር።»

«ግጥም ነው በቃ!» ብሎ ሄደ።

ጥቅምት 15

የባሌ ታላቅ እህት መጣች። ያን ቀን ጋቢና ከጎኑ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበቱ አይታጠፍም። ደረጃውን አንድ በአንድ እየተሳደበች ወጣች።

«ስንት ደረሰ?»

«አሥራ ሰባት፣ እትዬ።»

«በይ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ሸራ ሳያለብስ አሸዋ ሲበትን… ያለ ፍሬቻ ሲታጠፍ… ተደርቦ ሲቀድም ትራፊኩ ፊሽካውን እየነፋ በሩጫ የተከተለውን። «ይቺን ድገሚያት!» አለች። ደገምኩላት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ አብረን የምንስቀው በዚህ ብቻ ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለች ጉልበቷን እየመታች። «ለመሆኑ ማንበብ ማን አስተማረሽ? እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ እንዳንቺ አላነብም።»

«ማንም። ወንድምሽ ደንቡን ሲያጠና የሚጠይቀው ሰው አጣ።»

እውነት ነው። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ጠየቅሁት። የመጀመሪያ መጽሐፌ የመንገድ ደንብ ነው። ሰው በተረት ይጀምራል፤ እኔ «ቅድሚያ ስለ መስጠት» ብዬ ጀመርኩ።

ጥቅምት 16

ዛሬ አላለፈም። ቀኑ ባዶ ሆነብኝ… ይሄ ምን ይባላል?

ጥቅምት 21

አለፈ። ፍጥነቱ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ፈቃዱን ሲነጥቁት ማየት እፈልጋለሁ። በእግሩ ሲሄድ። አውቶቡስ ጥበቃ በፀሐይ ሲገተር… እንደ እትዬ ደረጃ ሲሳደብ።

ጥቅምት 27

ቀዩን ደብተር ለትራፊክ መርማሪው ሰጠሁ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት። ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀና አለ። «እናቴ፣ ትራፊክ ነበሩ እንዴ?»

«የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።»

«ምነው የእኛዎቹ እንዲህ ቢጽፉ!»

ከመንገድ ካሜራው ጋር አመሳክሮ ይጠራናል። ደስ አለኝ። ይህን ቃል ከጻፍኩት ስንት ጊዜዬ ነው?

ኅዳር 8

ፈቃዱ ታገደ። ካሜራው አሥራ አንዱን አረጋግጧል።

ባለገልባጩ የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ ጠበቀን። ሸብቷል… ከመስኮት ሲታይ አያስታውቅም ነበር። እትዬ ከዘራዋን አነሳች። «ዞር በል! ደሞ ምን ቀረህ?» እሱ ግን የሚያየው እኔን ነው።

«ቀይ መብራቱ ልክ ነው፣ እናቴ። ስልኩም ልክ ነው፤ አልክድም። ያን ቀን ግን አንጸባራቂውን አስቀምጬ ነበር። ሠላሳ እርምጃ ቆጥሬ። አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ከሚኒባሱ ጎማ ስር አላየልኝም።»

«ውሸታም!» አልኩት። ደረጃውን ስንወርድም ለብቻዬ ደጋገምኩት።

ታክሲ ውስጥ እትዬ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። ከዚያ… «ጎማ ስር ሲል… የሆነ ነገር ቀጭ ብሎ ነበር። ከመላተማችን ትንሽ ቀደም ብሎ። ድንጋይ መስሎኝ።»

«ቀጭ?»

«እንደ ሳህን። ግን ምልክት ቢሆን ወንድሜ ያየው አልነበር? ዓይኑን የተመረመረው እኮ ያን ሰሞን ነው!»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ኅዳር 9

እንደ ወትሮው የዓይን ሰሌዳውን አቧራ ጠረግሁ። ታች፣ ታች… እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ።

ለዚህ ቅጣቱ ስንት ነው? ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩ። ለሚነዳው ሁሉ አለው። ስላስጠናች ሚስት የሚል አላገኘሁም።

አምስት ዓመት ሙሉ ያን ሰው የጠላሁት… ጥላቻው እሱ ጋ ካልዋለ የት እንደሚያድር ስለማውቅ ነው?

ኅዳር 12

ይቅር አላልኩትም። ዜብራው ላይ ያቺን እናት አይቻለሁ። እግዱ ይገባዋል፤ ከቀዩ ደብተር አንዲት መስመር አልሰርዝም። ግን ባልሠራው ታስሯል። እኔ በሠራሁት አልተጠየቅሁም። ቂሜ ገና አልወጣልኝም… የቀረ ሰው አለ።

ኅዳር 14

ለእትዬ ነገርኳት። ሳልቀመጥ። የሰሌዳውን መስመር ሳላስቀር አልኩላት… ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ።

የማይታጠፈውን እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስተካክላ አስቀመጠችው።

«አሥራ ሰባቱን ስታነቢልኝ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አብረሽኝ ስትስቂም?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ ላይ እንዳታለቅሺ!»

አላለቀስኩም ነበር። ከዘራዋን ላነሳላት ስል ከለከለችኝ፤ ራሷ ከወለሉ አነሳችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጠዋት መጥቼ መርማሪው ጋ እወስድሻለሁ። ልደግፍሽ እንዳይመስልሽ። መንገድ ላይ እንዳትመለሺ ልጠብቅሽ ነው።»

ጥበቃው ይገባኛል።

ይሄ የምጽፍበት ደብተር ሰማያዊ ነው፤ እንደ ቀዩ ታርጋ የለበትም። ጠዋት በሦስተኛው መስኮት የሚቀበለው ያው መርማሪ ነው።