ስሙ ለእኔ፣ ቦታው ላንተ

ይህን የምትጽፈው የጎረቤታችን የሚክያስ ልጅ ጵርስቅላ ናት። ብዕሩ የእሷ ነው፤ ቃሉ የእኔ፣ የወንድምህ የዑመር ነው። ቃሌን እንዳታሳምር አስጠንቅቄያታለሁ። የእነሱ ቤት ጴንጤ ነው፤ ለመስጊዱም ለታቦቱም አታዳላም ብዬ መረጥኳት።

ወንድሜ ኢልያስ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? ጆሮህ ባሰበት ወይስ እንደዚያው ነው? ስልክማ ነበር፤ ግን አንተ እንድትሰማ ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ይህ ደግሞ ሰፈር የሚሰማው ጉዳይ አይደለም። ረምላስ ደህና ናት? የወንጂ ሙቀት ለቀቅ አደረጋችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ገብሱ ደርሷል፣ እኔም ከጥርስ በቀር የጎደለኝ የለም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ከመስቀል በኋላ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ፤ ከሆሳዕና ከተማ ቄሱ አባ ወልደ ሰንበት፣ ከእሳቸው ጋር ጥሩሰው የሚባል አስተማሪ። ከአያቶቻችን አያቶች በፊት እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ነበረ የሚል የድሮ ጽሑፍ ቅጂ ይዘዋል። ስሙንና ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ከርመዋል። ዳምቦያ ሄደው ‘እዚህ ነው’ ያልተባለ ኮረብታ አጡ። አዲሎ ላይ አንድ ሻይ ቤት ያለው ሰው ከጓሮዬ ነው፣ መጀመሪያ ግን ሻይ ጠጡ ብሏቸዋል። በመጨረሻ ዑመርን ጠይቁ ተባሉ። እኔን ካልጠየቁ ማንን ይጠይቃሉ?

ወረቀቱን ሳይዘረጉ ስሙ ቂርቆስ ነው አልኳቸው። ቄሱ አስተማሪውን አዩት፣ አስተማሪው ወረቀቱን አየ። ቂርቆስ ይላል። አንድ ፊደል የማልለይ ሽማግሌ፣ ያውም ሙስሊም፣ የእነሱን ስም ከአፌ ሳወጣው ቄሱ ተነስተው አቅፈው ሳሙኝ። ደረቴ ተነፋ፤ አልደብቅህም።

አባታችን ሊሞት ሲል ያለንን ታስታውሳለህ። ስሙን ለእኔ ሰጠኝ፣ እንዳይጠፋ በአፍህ ያዘው ብሎ። ቦታውን፣ ያን ሞፈር ያልነካውን መሬት፣ ከድርሻህ ጋር ላንተ ሰጠ። የእኛ አይደለም፣ ባለቤቱ እስኪመጣ አማና፣ አደራ ነው አለን። እኔ ታላቁ እያለሁ በስም ብቻ አሰናበተኝ ብዬ ስንት ዓመት ተቀየምኩት። ስም ንፋስ ነው፣ አይታረስም። አንተ ሸንኮራ ልትቆርጥ ወንጂ ስትሄድ ደግሞ ቦታውንም ለእኔ አደራ አልከኝ፤ እንዳለ ይቆይ አልክ።

አልቆየም። ሸፍኜብህ የኖርኩት ይህን ነው። እንሰታችን በአጠውልግ በሽታ ያለቀበትን ዓመት ሰምተሃል። የታመመ አፈር ላይ አዲስ ችግኝ ብትተክል ያው ይሞታል። ንጹሕ አፈር የቀረኝ ያ ቦታ ብቻ ነበር። ቆፈርኩት፣ ተከልኩበት፣ እንሰቱም በላዬ ላይ ጫካ ሆነ። ዛሬ የምንበላው ቆጮ ሁሉ ዘሩ ከዚያ ነው። ልጆቼን ስላበላሁበት አልጸጸትም፤ ይህንንም ጻፊው። ሳልነግርህ በመኖሬ ግን አፍራለሁ። ስቆፍር መስቀል የተቀረጸበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ። ቅርጹን ወደ መሬት ደፍቼ የደጃፌ መርገጫ አደረግኩት። ሚስቴ ረሂማ አይታኛለች። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳትረግጠው እንደ ፍየል እየዘለለች ገባች። አሁን ጉልበቷ እምቢ ሲላት በጓሮ በር ትዞራለች እንጂ አትረግጠውም።

ሰዎቹ ቦታውስ የት ነው ሲሉኝ እንሰቱን አየሁ፣ መርገጫዬን አየሁ። ዱላዬን አንስቼ ላይ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ዝግባ አሳየኋቸው። ስሙ እውነት ስለነበረ ቦታውንም አመኑኝ። የአባታችንን ደንብ ታውቃለህ። መሬት የሚያሳይ ሰው ሳር የበቀለበት አፈር ራሱ ላይ ተሸክሞ በእግሩ ይዞረዋል፤ ቢዋሽ ያው አፈር ይበላዋል። እኔ ከደጄ ሳልነቃነቅ በዱላ አሳየሁ። ሲሄዱ ረሂማ “አፍህ እውነት ተናገረ፣ ዱላህ ዋሸ” አለችኝ።

አሁን ዝግባው ሥር ቆርቆሮ አቁመው ይጸልያሉ። አሮጊቶቹ ዳገቱን እያለከለኩ ሲወጡ ከደጄ ሆኜ አያለሁ። ከጥምቀት በኋላ መሠረት ሊጥሉ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ውሸቱ የእኔ ነው፤ እሱን ለመመለስ ፈቃድህን አልጠይቅም። የሚመጣው አርብ ሆሳዕና ሄጄ ለቄሱ እዚያ አይደለም እላቸዋለሁ። ቦታው ግን ያንተ ነው፣ ያላንተ ቃል አላሳይም። አደራህን አንድ ጊዜ በልቻለሁ፣ ሁለተኛ አልበላም። ከፈቀድክ ና። መምጣት ካቃተህ ይህን ደብዳቤ ባመጣልህ በሾፌሩ በፈትሁዲን ጋቢህን ላክልኝ፤ ከዶዮገና ጎመን ጭኖ በየሳምንቱ ይመላለሳል። ጋቢህን ትከሻዬ ላይ፣ አፈሩን ራሴ ላይ አድርጌ ቄሱ እያዩኝ እዞረዋለሁ፤ እንሰቱንም በእጄ እነቅላለሁ። ካልፈቀድክ ጋቢውን አትላክ። አልቀየምህም፤ ለመቀየም ተራው ያንተ ነው።

ድንጋዩን ግን አልጠበቅኩህም። ትናንት ነቅዬ አጥቤ ከግድግዳው አስጠግቼ አቆምኩት። ረሂማ በፊት ለፊት በር ገባች።

ረምላን ሰላም በልልኝ፣ በርበሬዋ ደርሶናል። ሪያድን ጢም አበቀለ ብለውኛል፣ ይላጭ በለው። ልጄ ዛሂራ፣ ለአባትሽ የምታነቢለት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጥፋቴ ጋ ስትደርሺ አፍረሽ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ፤ አይሰማም። ወንጂ ቢሰማ ግድ የለኝም። ረሂማ ሁላችሁንም አገላብጣ ትስማለች።

ከዶዮገና በላይ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጵርስቅላ፣ አሁን ከመጀመሪያው መልሰሽ አንብቢልኝ። ያሳመርሽው ካለ ጆሮዬ ያውቀዋል፤ እሱን ትሰርዢና አውራ ጣቴን አኖርበታለሁ።