እንግዳ የምትጠብቀው ሴት

ሐረር ላለሽው እህቴ ራቢያ፣

እንዴት ነሽልኝ? መጀመሪያ ካርዱን ገልብጠሽ ሥዕሉን እዪና ተመለሽ።

ትናንት ወንድሜ ጀማነህ ከሥራ ኦፍ ስለነበር እዚህ ኮሎምበስ አንድ ሙዚየም ወሰደኝ። ይህን የሣለው ድሮ ዐረብ አገር የሄደ ፈረንሳዊ ነው አሉ። የግድግዳውን ሐረግ፣ የምንጣፉን ቀለም እንዴት አሳምሮታል! ግድግዳው ላይ ያለው የዐረብኛ ጽሕፈት የእውነት ይሁን የይስሙላ፣ አንቺ ብትኖሪ ታነቢልኝ ነበር። ሴቲቱን ግን ሥራ እንደሌላት ሁሉ ትራስ ላይ አጋድሟታል። ቢሆንም እግሬ አልንቀሳቀስ አለ፤ ያንቺን ቤት፣ ግድግዳ ሙሉ የተሰቀለውን ስፌት አስታወሰኝ። እናንተ ቤት ግን ማን ብቻውን ይጋደማል? አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች።

አጠገባችን የቆሙ አሜሪካዊት አሮጊት ጀማነህን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቁት።

«እትዬ፣ ‹ይህች ሴት እስረኛ ናት ወይ?› ይላሉ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «የምን እስረኛ! ጓደኛዋን እየጠበቀች ነው በላቸው» አልኩት።

ሲነግራቸው አሮጊቷ ወደ ሥዕሉ ቀረብ ብለው ሴቲቱን እንደገና ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ አንድ ነገር አሉ።

«‹ታዲያ ጓደኛዋ ቆየችባታ!› ነው የሚሉት» አለኝ ጀማነህ።

ራቢያዬ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጀማነህ ግራ ገባው።

ቦታው አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቱን ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ። ሕክምናዬን ስጨርስ እመጣለሁና መደቡ ላይ ከጎንሽ ያለውን ቦታዬን ለማንም እንዳትሰጪብኝ።

ያንቺው ፋንታዬ
ጥቅምት 1979