ሁለት ሰው ስለተቀመጠባት አንዲት ወንበር

ለተከበረው የኦርዴላ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ኩባንያ የሕግ ክፍል
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከነጠበቆቻችሁ፣ ከነአንቀጾቻችሁና ከነንዑስ አንቀጾቻችሁ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔ፣ የሠራነውን የስልክ ጌም በመጪው ሰኞ ከገበያ እንደምታወርዱት ከጻፋችሁልን ወዲህ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ጌሙ «ትርፍ» ይባላል። ተጫዋቹ ከሃያ ሁለት ወደ ለሚ ኩራ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳት ሆኖ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሳያየው ከወንበር በላይ ሰው ይጭናል። ሥዕሉ በሙሉ የባልደረባዬ የሳምራዊት ነው። ለዚህ ጌም ብላ የባንክ ሥራዋን የለቀቀችውም እሷ ናት፤ እኔማ ድሮም የያዝኩት ሥራ ስላልነበረኝ የምለቀው አልነበረኝም። ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ጌሙን የሠራንበት የፕሮግራማችሁ የመጠቀሚያ ፈቃድ «ለአንድ ወንበር» ይላል። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባዩ እኔ፣ ከአንድ ወንበር በላይ ክልክል ነው ብዬ ለሳምራዊት ቁርጥ አድርጌ ተረጎምኩላት። እሷም አምናኝ፣ የተረፉትን ወንበሮቻችንን ከታች ላለው የጥርስ ሐኪም ታካሚዎች ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጉርድ ሾላ ባለችው ክፍላችን አንዳችን ስንቀመጥ ሌላችን ላፕቶፑን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈን፣ ቆመን፣ እግራችን እያበጠ፣ ሕግ አክብረን ሠራን። ለካ በእናንተ ዘንድ ወንበር ማለት ሰው ኖሯል! ሰውን ሰው ብሎ መጥራት ምን ነበረበት?

፪ኛ፤ ከተፈቀደው በላይ ሰው ተጠቅማችኋል ብላችሁናል፤ በእኛ ቋንቋ ትርፍ ጭናችኋል ማለት ነው። ስለ ትርፍ ጌም ሠርቶ በትርፍ የተያዘ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ወሬውን የሰማው የታክሲ ተራ አስከባሪው ኢሳ እንኳ፣ ባየኝ ቁጥር ፖሊስ እንዳያየኝ ጎንበስ እንድል ይመክረኛል። ይሁንና የእኛ ትራፊክ ትርፉን ሰው ያስወርዳል እንጂ ሚኒባሱን አያቃጥልም። ስለዚህ ትርፉ እኔ ነኝ፣ ወራጅ አለ! ወንበሯም ጌሙም የሳምራዊት ይሁኑ። የእኔን ስም ፍቁት፣ የእሷን ሥዕል ግን አትንኩባት፤ እባካችሁ።

፫ኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ፕሮግራሙን የከፈተ ሁሉ፣ አነበበም አላነበበም፣ በውሉ እንደተስማማ ይቆጠራል የምትለውን አንቀጻችሁን ዘግይቼም ቢሆን አግኝቻታለሁ። እንዲህ ያለ ጥበብ ስላስተማራችሁኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከወገብ በላይ ባለኝ ኃይል ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ከወገብ በታች ያለው ስለደከመ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣
ቆሜ የጻፍኩት፣
ይሕደጎ ብርሃነ
የ«ትርፍ» ትርፍ ሰው፣ ጉርድ ሾላ

ማሳሰቢያ፦ ውላችሁ በቋንቋችሁ እንደተጻፈ ሁሉ ይህም በቋንቋዬ ተጽፏል። ይህን ደብዳቤ የከፈተ ሁሉ፣ የሳምራዊት ጌም ሰኞም ከሰኞ በኋላም ባለበት እንዲቆይ እንደተስማማ ይቆጠራል። አላነበብነውም ብትሉ አይሠራም፤ እኔም ብዬው አልሠራልኝም።