ከላይ ብርድ ልብስ፣ ከታች ምድጃ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለአንጉስቲያስ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የቀኝ እጅሽ መደንዘዝ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ማንኪያ ያስጥልሻል? ባልሽ ሄልሙት ከሳሉ ተሻለው? የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እዚያ ጀርመን ዝናቡ አላቆመም ብለሽ በፋሲካ ነግረሽኝ ነበር፤ አሁንም እየዘነበላችሁ ከሆነ እግዚአብሔር ይጨምርላችሁ። እማዬን ብትይ በዘጠና አራት ዓመቷ በእጇ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ፀጉሯን ማንም እንዲያበጥርላት አትፈቅድም። ጎረቤታችን እትዬ ካሲልዳ ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ይባላል ብላ መክራኛለች። እኔ ግን ከኤሲሃ ሙቀት በቀር ደህና ነን እልሻለሁ። የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ እንዳትዪኝ። በስልክ ይህን ነገር ሦስት ጊዜ አንስቼብሻለሁ። አንዴ አለቀስሽ፣ አንዴ መስመሩ ተበላሸ አልሽ፣ አንዴ ስልኩን ለልጅሽ ለቤርንት ሰጠሽው። ስታለቅሺ ደግሞ አንጀቴ አይችልም፤ የጀመርኩትን ትቼ አንቺን ማባበል እይዛለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያለቅስብኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤሽን እትዬ ካሲልዳ በረንዳ ላይ ጮክ ብላ ስታነብልኝ፣ ያንቺን ምስጢር ከእኔ እኩል መንደሩ ሲሰማው ኖሯል። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ማታ ማታ ከልጅ እናቶች ጋር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ተቆጥቼ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም ተቀምጠሽ አንብቢው።

የቤታችንን ልማድ ልጅሽ ባያውቀው አንቺ ታውቂዋለሽ። በብርዱ ወራት ላይኛው ፎቅ እንኖራለን። የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ዋዜማ፣ ጁን ሃያ ሦስት፣ ሲደርስ አልጋውንም ድስቱንም ተሸክመን ታች እንወርዳለን፤ ሙቀቱ ሲሰበር ተመልሰን እንወጣለን። ጧት ክፍሎቹ ዙሪያውን በከበቡት መሃል ግቢ ላይ ሸራውን እንጋርዳለን፣ መዝጊያውን ሁሉ እንዘጋለን፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ እንረጫለን። ሲመሽ ሸራውን ገልጠን ቀዝቃዛውን አየር እናስገባለን። ውጭ አስፋልቱ እየቀለጠ እማዬ ታች ቤት ትከሻዋ ላይ ሻርፕ ጣል ታደርግ ነበር። በሸክላው ገንቦ ያለው ውሃ ጥርስ ይቆረጥም ነበር። አባታችን «የእኔ ቤት በጋ አያውቅም» እያለ በመጠጥ ቤት ሲኩራራ ትዝ ይልሻል።

ቤርንት መጥቶ ይህን ልማድ ሲሰማ ደስታው ልክ አልነበረውም። «አክስቴ፣ በሙቀት ወራት ታች ከሆናችሁ ላዩ ባዶ ነው ማለት አይደል? ለምን ለእንግዳ አላከራየውም?» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፋት ያለው ነገር አልመሰለኝም። ዝም ብሎ ከሚያረጅ ሰው ይግባበት አልኩ። ላዩን ስድስት ክፍል አደረገው፤ ለስድስቱም ማቀዝቀዣ ኤሲ ገዛ። ያን ሁለት አካል ያለውን ዓይነት ነው፤ ነጩ ከውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ማራገቢያ ያለበት ትልቁ ሣጥን ውጭ ይቀራል። የውጪውን ሣጥን በመንገዱ በኩል መስቀል አይፈቀድም፤ ሰፈሩ ጥንታዊ ነውና መልኩ ይበላሻል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ቤርንት ራሱ አልፈለገም፤ እንግዶቹ ጀምበር ስትጠልቅ እያዩ ወይን የሚጠጡበትን ወንበርና ጃንጥላ ደርድሮበታል። እና ስድስቱን ሣጥን የት ሰቀለ? መሃል ግቢያችን ውስጥ፣ ከእኛ ራስ በላይ፣ ፊታቸውን ወደ እማዬ መስኮት አዙሮ።

የሰቀለው ፌርሚን ነው፤ የሰፈራችን ባለሙያ፣ የአንጥረኛው ልጅ። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «እማማ ረሜዲዮስ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሰቅለው። ግን ይወቁት፣ ይህ ማሽን ብርድ አይፈጥርም። ከአንዱ ቤት ሙቀቱን ያወጣና ሌላ ቦታ ይደፋዋል። ቤቷን ጠርጋ ጥራጊውን ጎረቤት ደጅ እንደምትደፋ ሴት ማለት ነው» አለኝ። እንዲህ ያለችውን ሴት በስም አውቃታለሁ ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ያለፈው ኦገስት ሙቀቱ ሲጠና ነገሩ ገባኝ። ስድስቱ በአንድ ላይ ይጮኻሉ፣ በአንድ ላይ ይተፋሉ። እንግዶቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያዩ ሲወጡ እንኳ አያጠፉትም፤ ሲመለሱ በርዶ እንዲቆያቸው ነው። ሸራውን ስንጋርድ ትኩሳቱን እንደ ድስት ክዳን አፈነው፤ ስንገልጠው ፀሐይዋ ወረደችብን። አባታችን የተከለው የጃስሚን ሐረግ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወረቀት ሆነ። የገንቦው ውሃ እግር መታጠቢያ መሰለ። እማዬ «ማነው ግቢዬ ውስጥ ምድጃ ያነደደው? አጥፉት እንጂ፣ ዳቦው አሮ አለቀ» ትላለች። ዳቦ የለም እማዬ፣ ስላት፣ «ታዲያ ለምን ይነዳል?» ትለኛለች። ለዚህ መልስ ካለሽ ጻፊልኝ።

እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ አይምሰልሽ። መጀመሪያ ያን ውሃ የሚሞላበትን፣ በእርጥብ ገለባ መሳይ ነገር ውስጥ ነፋስ የሚያሳልፈውን ማቀዝቀዣ ገዛሁ። እንደ እኛ አገር ላለ ደረቅ አየር ጥሩ ነው፣ መብራትም አይበላም፤ ግን ከውጭ አየር እንዲያገኝ መስኮት ይከፈትለት ይላል መመሪያው። የእኛ መስኮት ወዴት ይከፈታል? ወደ ምድጃው። ስዘጋው ክፍሉ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቤት ታፈነ፣ የእማዬ አንሶላ ረጠበ። ቀጥሎ በመንኮራኩር የሚገፋውን ኤሲ አመጣሁ። እሱ ደግሞ ከኋላው እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለ ቱቦ አለው፤ ሙቀቱን በዚያ ያስወጣል። ቱቦውን ወደ መሃል ግቢው አወጣሁት፤ ሌላ ማውጫ የለኝማ። በገዛ ገንዘቤ ሰባተኛ ምድጃ ገዝቼ አነደድኩ ማለት ነው። ለቤርንት ደውዬ ብነግረው «ለእናንተም አንድ ጥሩ ነገር እሰቅልላችኋለሁ» አለ። እሱስ ትኩሳቱን የት ሊተፋ ነው? አልኩት። «አክስቴ፣ ዝርዝሩን ለባለሙያ ተይው» አለኝ።

ያቺን ቀን እስካሁን በደንብ አልነገርኩሽም። ኦገስት አሥራ አራት ነበር፤ ከምሳ በኋላ፣ ውሻ እንኳ ጥላውን የማይለቅበት ሰዓት። ከላይ አንዲት እንግዳ ወረደች። ክንዶቿን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች። ቋንቋዬን አታውቅም፤ ትከሻዋን እያሻሸች በምልክት ነገረችኝ። በርዷታል። ብርድ ልብስ ትፈልጋለች። በኦገስት፣ አንጉስቲያስ፣ በእኛ ከተማ። ሣጥን ከፍቼ የእማዬን የብርድ ወራት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቡኒውን፣ አወጣሁና ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፤ ጨዋ ሴት ናት፣ በእሷ አልፈርድም። ወደ ክፍሉ ስመለስ እማዬ ከአባታችን ጋር ታወራለች። «አንተ ሰውዬ፣ በቅሎዋን ጥላ ውስጥ አስገባት፣ ትሞትብሃለች» ትለዋለች። አባታችን ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ግንባሯን ስነካው ፈጀኝ፤ ላብ የሚባል ጠብታ የለባትም። ዓይኗ ያየኛል፣ እኔን ግን አያውቀኝም።

አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ዶክተሩ አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር አለኝ። እዚያ ብርዱ ከጣሪያው ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ማሽን አይታይም፣ አይሰማም። እማዬ ስትነቃ «ይህ ቤት ጥሩ ነፋስ አለው፣ ማን ነው የሠራው?» አለች። ፌርሚን ሊጠይቃት ሲመጣ የዚህስ ትኩሳት የት ይሄዳል አልኩት። ለሕንፃው ሁሉ አንድ ትልቅ ማሽን ነው ያለው፣ ላይ ጣሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ከወፍ በቀር ማንንም አያቃጥልም አለኝ። አንቺ ያን ጊዜ በስልክ «እድሜዋ ነው» አልሽ። እድሜዋ አይደለም። ከሰባ በላይ የሙቀት ወራት በዚያ ክፍል አሳልፋ አንድ ቀን ራሷን አላመማትም።

ፌርሚን መፍትሔውን ነግሮኛል። ሣጥኖቹን ወደ ጣሪያው ማውጣት፣ ቱቦዎቹን ማስረዘም፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው። እንግዶቹ ብርዳቸውን አያጡም፣ እማዬም ግቢዋን ታገኛለች፤ የሚጎዱት ወንበሮቹ ብቻ ናቸው። ቤርንት ግን ሰዉ የሚመጣው ለጣሪያው ነው ይላል። ደግሞም ውል አለን ይላል፤ አዎ፣ ውል አለ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ይህን ልጽፍልሽ ሁለት ሳምንት ፈራሁ። ፊደል ሳላውቅ አውራ ጣቴን ከማሳረፌ በፊት ወረቀቱን እትዬ ካሲልዳ ሦስት ጊዜ ታነብልኝ ነበር፤ አንድ መስመር ብትዘል አውቅባት ነበር። ልጅሽ ያን ወረቀት ሲያመጣ ግን እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶ የዘረጋልኝ ሰው ነው። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፤ ላይኛውን ፎቅ ስለማደስ ይላል። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ቀሪውን አንብብልኝ ማለት አፈርኩ። ሙሉ ስሜን፣ የአባታችንን ስም፣ የእናታችንን ስም አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። «እንዴት ያምራል ጽሕፈትሽ» አለኝ። ስድስተኛው መስመር የመሃል ግቢው አራት ግድግዳ ለማሽን መስቀያ ይሁን ይል ነበር። ያነበብኩት ከሆስፒታል ስንመለስ ነው። ያወቅሁት ፊደል የእናቴን አልጋ ፊት ለምድጃ አሳልፌ እንድሰጥ አስፈረመኝ።

አሁን ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ አንድ ወር ፈጀብኝ እንጂ። መጨረሻው ላይ፣ ሁለቱ የቤቱ ባለቤቶች በአንድነት በጽሑፍ ከጠየቁ ማሽኖቹ ቦታ ይቀየራሉ ይላል። ቤቱን አባታችን ለሁለታችን ነው የተወው። የእኔ ብቻ ፊርማ ዋጋ የለውም። ያንቺ ያስፈልጋል። ልጄን አላስቀይምም እንደምትዪ አውቃለሁ። ልጅሽ ይቀየምሻል፣ በገና ይታረቅሻል። እማዬ ግን ሌላ ኦገስት የላትም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእኛ አንዴ ተቃጥሏል፣ ሁለተኛውን እንኳ አብረን እንከልክል።

ዛሬ ጁን አሥራ ሁለት ነው። እንግዶቹ በሃያ አምስት ይገባሉ፤ በሃያ ሦስት ላዩን እንድንለቅ ቤርንት አሳስቦናል። ሌላ የምንሄድበት የለንም። እማዬ ያለፈውን ኦገስት አታስታውስም። ወንበሯን ከአሁኑ ታች አስወርዳዋለች፤ በየጧቱ «ሸራውን ዘረጋችሁ?» ትላለች። ፌርሚን ወረቀቱ እንደደረሰው መሰላሉን ይዞ እመጣለሁ ብሏል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ እትዬ ካሲልዳ ሁለት ቃል ብቻ አርማልኛለች። አራት መስመር ናት። ከታች ስሜ አለ፣ ከስሜ ጎን ባዶ ቦታ አለ። ፈርመሽ በአስቸኳይ ፖስታ መልሺልኝ። ደግሞ አራቱንም መስመር ሳታነቢ እንዳትፈርሚ፤ ማንም ቆሞ ቢጠብቅሽ አትፈሪ።

ለሄልሙት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ማር በሎሚ ሞቅ አድርጎ ይጠጣ። ለምራትሽ የላከችልኝ የእጅ ሹራብ ደርሶኛል በያት፣ እጇ ይባረክ። ትንሿን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ለቤርንትም ሰላም በዪልኝ። ብርድ ልብሱን እንግዳዋ አጥፋ መልሳልናለች በዪው። ፌርሚንና እትዬ ካሲልዳ ሰላም ብለውሻል።

እማዬ ምን ትጽፊያለሽ አለችኝ፤ ላንቺ ነው አልኳት። ይህን ጨምሪ አለች፦ «ስትመጣ ላይ እንዳትፈልገን፣ ታች ነን በያት። ታች ይቀዘቅዛል።»

ታናሽ እህትሽ ረሜዲዮስ
ኤሲሃ፣ ጁን 12 ቀን 2019